ግንባር፣ ክንድ፣ አገጭ፣ ሆድ

ልጅ ሳለ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ኋላ የሰማው ወግ ነው። ሙሉውን አያስታውሰውም። እናቱ ኮሪደሩን ስትወለውል እሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ይጠብቃታል፤ ከበሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው ድምፀ ወፍራም ነው፣ ሌላው ሲስቅ ሳል ያቋርጠዋል።

«እሺ፣ ሥራ ፈላጊው ምን አለ አልከኝ?»

«‹ብላክ ቢግ ባግ› አይለኝ መሰለህ!»

«ሂድ! አይልም!»

«እናቴን! ጥቁሩን አስቀድሞ፣ ትልቁን አስከትሎ! እኔማ ‹ወንድሜ፣ ቦርሳህን ይዘህ በመጣህበት ውጣ› ልለው ምንም አልቀረኝ።»

ከዚያ ሳቅ ሆነ፣ ከሳቁም በኋላ ሳል። ቦርሳ ይሁን ውሻ እንኳ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም፤ ሰውዬው ሥራውን ያግኝ አያግኝም አልሰማም። የቀረለት ሳቁ ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ገባው፤ በዚህ ዓለም ውስጥ የሚስቁ አሉ፣ የሚሳቅባቸውም አሉ፤ በመካከላቸው የቆመው ግድግዳ አንዲት የቅጽል ተራ ናት። ከሚስቁት ወገን ሊሆን በልቡ ማለ። እግዜር አንዳንዴ የልጅ መሐላ ይሰማል፤ የዚህንም ሰማው።

አሁን ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። በአንድ የማታ ቋንቋ ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሰዋስው የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ማክበራቸው መስሎት ዝም አለ፣ ስሙም እዚያው ጸደቀበት።

ሰዋስው ከእንግሊዝኛ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የቅጽሎችን ሰልፍ ነው። በእኛ ቋንቋ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ብትል፣ ጥቁር ትልቅ ቦርሳ ብትል አንገትህን የሚይዝህ የለም። በእንግሊዝኛ ግን ቅጽል ተራውን ጠብቆ ይቆማል። መጀመሪያ አስተያየት ይመጣል፤ ነገሩ ቆንጆ ነው ወይስ አስቀያሚ? ቀጥሎ መጠን፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቅርጽ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ የትውልድ ቦታ፣ ከዚያ ከምን እንደተሠራ፣ መጨረሻ ላይ ለምን እንደሚያገለግል።

«ልብ በሉ» ይላል ለተማሪዎቹ፣ ጠመኔውን ቀስሮ፤ «መጀመሪያ ፍርድ! ነገሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የእንጨት ይሁን የብረት ሳይነገር ፍርዱ ይሰጣል። የሠለጠነ ሕዝብ ማለት ይሄ ነው።»

እሱም ሰውን የሚያየው በዚሁ ሰልፍ ነው። ሰው በበሩ ሲገባ በልቡ ይደረድረዋል። ድሮ ብሎኬት ይሸጥ የነበረውን የትምህርት ቤቱን ባለቤት «ስግብግብ፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ክብ፣ ቀይ፣ የሰፈር፣ የሲሚንቶ፣ የመነገጃ ፍጡር» ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል። ጎረቤቶቹን ደርድሯል፣ የሚስቱን ወንድሞች ደርድሯል፣ ፀጉር አስተካካዩን ምላጩ አንገቱ ላይ እንዳለ ደርድሮታል። ዝላይን ሲያይ ግን ከመጀመሪያዋ ቅጽል አያልፍም ነበር። «ከንቱ» ይልና እዚያው ይቆማል፤ የቀሩትን ሰባት ማባከን መስሎ ይታየዋል።

ዝላይ የተባለው የሥራ ባልደረባው ነው። ድሮ የስፖርት መምህር ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ሜዳውን ትቶ «እንግዲህ እንግሊዝኛ ልሞክር» አለ፤ ባለ ትምህርት ቤቱም ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ተቀበለው። እንግሊዝኛው እንደ ነገሩ ነው። የቅጽሎችን ሰልፍ ሲያስተምር መጽሐፍ አይገልጥም። ተማሪዎቹን ብድግ ያደርጋቸዋል። አስተያየት ሲል ሁሉም ግንባሩን መታ ያደርጋል። መጠን ሲል ሁለት ክንዱን ይዘረጋል። ዕድሜ ሲል አገጩን እንደ ሽማግሌ ይዳብሳል። ቅርጽ ሲል ሆዱን በመዳፉ ያዞራል። ቀለም ሲል ኮሌታውን ጎተት ያደርጋል። የትውልድ ቦታ ሲል ወለሉን ይረግጣል። ከምን ተሠራ ሲል በጣቱ አንጓ ጠረጴዛ ያንኳኳል። ለምን ያገለግላል ሲል በሌለ ወንበር ላይ ቁጢጥ ይላል።

እድል ሆነና የዝላይ ክፍል ልክ ከሰዋስው ክፍል በላይ ነው። የፎቁ ወለል ጣውላ ነው፣ ኮርኒሱም ያረጀ። ላይ «የትውልድ ቦታ!» ተብሎ ሙሉ ክፍሉ በአንድ እግር ሲረግጥ፣ ታች አቧራው ዱብ ይላል፤ በሰዋስው ፀጉር ላይ፣ በትከሻው ላይ፣ በተገለጠው መጽሐፍ መሐል። ሰዋስው መጽሐፉን ያራግፍና «የትውልድ ቦታቸው ደረሱ» ይላል፤ «እሱም በረት ነው።» ካሉት ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ሁለቱ ይስቁለታል። የቀሩት ኮርኒሱን ቀና ብለው ያያሉ፤ አስተያየታቸውም የፍርሃት ሳይሆን የምኞት ነው።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቋንቋ ነው የምታስተምረው ወይስ ጥጃ ነው የምታዘልለው?»

«እንዴት አመሹ መምህር» አለ ዝላይ፣ የታመመ ጉልበቱን እያሻሸ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት እያልኩ። ለምንድን ነው ግን ትልቁ ከጥቁሩ የሚቀድመው?»

«ሕግ ነዋ!»

«ሕጉንማ ይዣለሁ። ምክንያቱን ነው።»

«ሕግ ምክንያት አይጠየቅም።»

«እሱን ነው የምለው እኔም። ምክንያት የሌለውን ነገር ጭንቅላት አይዘውም ብዬ ለገላቸው ሰጠሁት። ገላ ለምን አይልም፣ መምህር።»

«ገላ!» አለ ሰዋስው፤ ቃሉን ከጫማው ሥር እንደ ተገኘ ነገር አየው። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አሉ። ያንተ ሲከፈት የሚታየው ጉልበት ነው።»

ዝላይ እንደ ምርቃት ተቀብሎ ሳቀና እያነከሰ ወጣ። ሰዋስውን ያበገነውም ይኸው ነው፤ ስድብ የማይገባውን ሰው መናቅ ውሃ መውቀጥ ነው።

ለባለ ትምህርት ቤቱም አቤት ብሎ ነበር። ባለ ትምህርት ቤቱ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ «ጋሼ» አለው፤ «የሱ ክፍል ሰው ቆሞ ይማራል፣ የእርስዎ ክፍል ወንበር ተቀምጦ ይማራል። ምን ላድርግዎት? አቧራውን አስጠርግልዎታለሁ።»

አላስጠረገለትም።

ሰዋስው አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ነርስ እሆናለሁ ትላለች። የነርሶች ኮሌጅ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ያላለፈ አይቀበልም፤ ሦስት ጊዜ የወደቀን እስከ መቼውም አያስፈትንም። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስጠናት አባቷ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ይዘረጋና «ደርድሪ!» ይላታል። ስትሳሳት አይቆጣም። በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርጎ። ያቺ ትንፋሽ ከአርጩሜ ትብስ ነበር። ብቻዋን ሆና አብጠርጥራ የምታውቀውን አባቷ ዓይኑን ሲጥልባት ስሟ ጭምር ይጠፋባታል።

«በእናትሽ ወገን ነው» ይላል ሰዋስው መጽሐፉን እየዘጋ፤ «በእኛ ዘር ቅጽል የሚያደናግረው የለም።»

«በእናንተ ዘር ሰው የሚያናግርም የለም» ትላለች ባለቤቱ፣ ሳህን እያነሣች።

ለሦስተኛው ፈተና ልጅቱ «አባዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ባጠና ይሻለኛል» አለችው። «አጥኚ» አላት። «ዕውር ዕውርን ሲመራ ወዴት እንደሚያደርሰው ታውቂያለሽ።» እሷም ማታ ማታ መጽሐፏን በብብቷ ይዛ መውጣት ጀመረች። የት ነው ብሎ አልጠየቃትም፤ ከማይረቡ ሰዎች ጋር የማይረባ ቦታ እንደሆነ ያለ ጥያቄ ገብቶታል።

ፈተናው በተፈተነ ሰሞን ባለ ትምህርት ቤቱ ሰዋስውን ቢሮው ጠራው። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ጥግ ላይ ከድሮ ሥራው የተረፈች አንዲት ብሎኬት በር ትደግፋለች።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ። ጉድ ሆነናል።»

«ማን ነው የሆነው?»

«እኛ። የዝላይ ልጆች ፈተና አዳራሹን አተራመሱት።» ሰውዬው ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «ፈታኙ ‹አሁን ክፍል ሦስት ግለጡ› ይላል። ይገልጣሉ። ክፍል ሦስት ደግሞ የርስዎ ቅጽል ነው። ታዲያ የኛ ልጆች ከዳር እስከ ዳር እኩል ግንባራቸውን መታ!»

ሰዋስው ወንበሩን ቀረብ አደረገ። «ከዚያስ?»

«ክንዳቸውን ዘረጉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ዓይኑን ተመታ።»

«አገጭ?»

«አገጭ ዳበሱ፤ ሴቶቹም የሌለ ጢማቸውን። ሆዳቸውን አዞሩ፣ ኮሌታ ጎተቱ፣ ከዚያ አዳራሹን በአንድ እግር ሲረግጡት ፈታኙ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ወደ በሩ ሮጠ።»

«ቁጢጥስ አሉ?»

«አሉ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እግዜር ትልቅ ነው» አለ ሰዋስው። እግዜር ስሙ በእንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ምን እንደሚሰማው እሱ ያውቃል።

ፈታኙ ከበሩ ተመልሶ «ኩረጃ!» ብሎ ጮኸ። መልስ የሚቀባበሉበት ምልክት ነው አለ። የፈተና ቢሮው ውጤታቸውን ያዘ፤ ኮሚቴም ሰየመ። ኩረጃ ነው ከተባለ የሁሉም ወረቀት ይሰረዛል፣ እንደ ወደቁም ይቆጠራል።

«ዝላይ ራሱ ሄዶ አስረዳ» አለ ባለ ትምህርት ቤቱ። «‹አንተ ተከሳሽ ነህ፣ ቃልህን አንቀበልም፤ ሥራህን የሚያውቅ የማይወድህ ሰው አምጣ› አሉት። ታዲያ እንደርስዎ የሚጠላው ሰው ከየት ይገኛል? ነገ ይሂዱና ‹ኩረጃ አይደለም፣ የማስተማሪያ ዘዴ ነው› ይበሉልኝ።»

«የማውቀውን እናገራለሁ» አለ ሰዋስው። ደረጃውን ሲወርድ በፉጨት ነበር።

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ቆሞ ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። ባለቤቱና ልጁ ይበላሉ፣ እሱ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት! ዘዴ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዘዴ አይደለም። ቋንቋን በእግር መርገጥ ነው። እነዚህም ተማሪዎች አይባሉም። የማይረቡ፣ ድንክዬ፣ ለጋ፣ ድቡልቡል፣ አመዳም፣ የበረት፣ የጭቃ፣ የመዝለያ ፍጥረቶች ናቸው!» ስምንቱንም በተራቸው ስላስገባ ራሱን በጣም ወደደው። «እንዴት ነው?»

ባለቤቱ ማላመጥ አቆመች። ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ።»

«ቆይ፣ መዝጊያው ይቀረኛል።»

«አባዬ፣ እኔም አለሁበት።»

«ምኑ ላይ?»

«እዚያ ውስጥ። እኔም ረግጫለሁ።»

ሰዋስው እጁን ከደረቱ አላወረደም፤ የሚያወርድበት ቦታ የጠፋው መሰለ። ልጅቱ ጠረጴዛውን እያየች ሁሉንም ነገረችው። ጓደኛ ቤት የለም። ማታ ማታ የምትሄደው እሱ ከሚያስተምርበት ክፍል በላይ ነበር። በበሩ ስታልፍ እንዳይሰማት ጫማዋን ደረጃው ሥር ታወልቃለች።

«ስትስል እሰማህ ነበር» አለችው። «አቧራው የወረደብህ ከኔም እግር ነው።»

ወደ ባለቤቱ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የካልሲዋን እድፍ ማን የሚያጥበው ይመስልሃል?»

«ከሁሉ ሰው መርጠሽ» አለ ልጁን፣ «እሱ ዘንድ?»

«እሱ ስሳሳት ‹አይዞሽ፣ እንደገና ከግንባር› ነው የሚለኝ።»

«ለመሆኑ ሠራሽው?» ለመናቅ ብሎ የጠየቀው ነው፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ ከዳው።

«ሁሉንም ሠርቼዋለሁ። አገጬን ስነካ ይመጣልኛል። ...አንተ ስታየኝ ነው የማይመጣልኝ።»

ሰዋስው በአፍንጫው ሊተነፍስ ፈለገና ትንፋሹን ዋጠው። ተቀመጠ። እራቱ ቀዝቅዟል።

«ነገ እንዲህ ብለህ ከተናገርክ ሦስተኛዬ ነው፣ አባዬ። አበቃልኝ።»

«እኔ በሐሰት አልመሰክርም!»

«ማን በሐሰት መስክር አለህ?» አለች ባለቤቱ። «ኮርጀዋል ወይስ አልኮረጁም?»

«አልኮረጁም። ከማን ይኮርጃሉ? ሁሉም እኩል ደነዝ ነው።»

«በቃ፣ ይህንኑ በልላቸው። ደነዙን ብቻ አስቀርተህ።»

«ዘዴ ነው ግን አልልም! ሞቼ ነው ቆሜ!»

«እሺ፣ ተቀምጠህ በለው» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ኮሚቴው የተቀመጠው እዚያው ፈተናው በተሰጠበት አዳራሽ ነው። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላ የተፈታኞቹ ነጠላ ነጠላ ወንበሮች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ እንቅልፍ ያልጠገበች ሴት ናት። ከጎኗ ፈታኙ ፋይሉን አቅፎ ተቀምጧል፣ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም። የዝላይ ተማሪዎች ከኋላ ተደርድረዋል፤ ልጅቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዝላይ በሩ አጠገብ ዝም እንዲል ታዝዞ ዝም ብሏል።

መጀመሪያ ፈታኙ ተነሥቶ ምልክቶቹን ተረጎመ። «ግንባር ማለት ኤ ነው። ክንድ ቢ ነው። አገጭ ሲ ነው። ሆድ ዲ ነው።»

«ኮሌታውስ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ኮሌታው... ‹ተሳስቻለሁ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር› ማለት ነው።»

«መርገጡስ?»

«እሱን እያጠናሁት ነው።»

ሰዋስው ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እስከ ዛሬ የዓለም መጨረሻ ዝላይ ይመስለው ነበር፤ ከዝላይም በታች ምድር ቤት እንዳለ አሁን አየ። ዝላይስ ቢያንስ የማያውቀውን በጉልበቱ ያስተምራል፤ ይሄኛው ያላወቀውን በፋይል ያስራል።

«መምህር፣» አለች ሰብሳቢዋ፣ «ኩረጃ ነው ወይስ የማስተማሪያ ዘዴ?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እብደት ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አውርዳ ደንቡን ገለጠች፤ አንዱን ገጽ አየች፣ ሌላውንም። «እብደት ደንባችን ላይ የለም። ካሉት ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሰዋስው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ኩረጃ አይደለም» አለ። «ኩረጃ ለመሆን አንድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ! እዚህ እያንዳንዱ ግንባሩን የሚመታው የራሱን ነው። ራሱን የሚኮርጅ ሰው አይተው ያውቃሉ? የእኚህ ፈታኝ ትርጉም ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ የሁሉም መልስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው ማለት ነበር፤ ለሁሉም ጥያቄ፣ በተራ። እንዲህ መልሶ የሚያልፍ ሰው ካለ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ፈታኙ ቀልቶ ፋይሉ ላይ አንድ የአባት ስም በጣቱ አመለከተ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ ሰው ወገንተኛ ነው! ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጁ ናት!»

ሰብሳቢዋ ሦስተኛውን ረድፍ አይታ ወደ ሰዋስው ዞረች።

«ልጅዎ ናት?»

«ናት።»

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን አስቀድመው ሊነግሩን ይገባ ነበር። እንዲህ ከሆነ ቃልዎ ብቻውን አይበቃኝም።»

«ምን ይበቃዎታል?»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰች። «እርስዎ ይህን ነገር አምርረው እንደሚጠሉ ሁሉም መስክሮልኛል። ተቀናጅታችሁ አብራችሁ አትለማመዱትም፤ እሱን አምናለሁ። እንግዲህ እኔ ቃሉን ልጥራ። እርስዎ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ እኩል ያሳዩኝ። ከገጠመ ነገሩ ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ሲሠራበት የኖረ፣ ጠላት እንኳ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ውጤታቸውን እለቃለሁ። ካልገጠመ ግን ፋይሉን እዘጋለሁ። አንድ ልጅ ቢስት እንኳ እዘጋለሁ።»

«እኔ ላሳይ?» አለ ሰዋስው። «እኔ?»

«አያውቁትም?»

ማወቁንስ ያውቀዋል። ደረጃውን በወጣ በወረደ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አይቶታል፤ ለመናቅም ማየት ያስፈልጋል። ከግንባሩ እስከ ቁጢጡ አንዲት አትስተውም። ከዝላይ ተማሪዎች መካከል እንኳ እሱን ያህል ሳያቋርጥ የተከታተለ አይገኝም ነበር።

«እኔ ሽበት ያለኝ ሰው ነኝ» አለ።

«አያለሁ።»

«ስምንቱንም ነው?»

«ስምንቱንም።»

«...የመጨረሻዋንም?»

ሰብሳቢዋ ወደ ፈታኙ ዞረች። «የመጨረሻዋ ምን ነበረች?»

«ቁጢጥ ማለት ናት» አለ ፈታኙ፣ በደስታ።

ሰዋስው የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ቁልፍ የቆለፈ ሰው ቁጢጥ በል የማይባል ይመስል። ግድግዳውን የተደገፈችው ባለቤቱ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ ግን አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም አሉ» አለች። ከኋላ ሳቁ ፈነዳ። ዝላይ ብቻ አልሳቀም። ዝም በል መባሉን ረስቶ «መምህር፣ ቀስ ብለው ይውረዱ» አለው፤ «ጉልበት ላይ ክፉ ናት። ወንበሩን በአንድ እጅ ይያዙ፣ ያ ነውር የለበትም።»

ይህች ደግነት ከሳቁ ሁሉ በላይ አቃጠለችው። ‹ከንቱ› አለ በልቡ፤ እንደ ልማዱ እዚያው ሊቆም ሲል ሌላ ቃል ሊከተል ሲንደረደር ተሰማው፣ አፉን ገጥሞ መለሰው።

ዓይኑን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ጣለ። ልጁ ከወዲሁ ተዘጋጅታለች፤ እጇ ግንባሯ አጠገብ ደርሷል፣ ከንፈሯ እያንሾካሾከ ይደረድራል። እሱ ሲያያት እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ከንፈሯ ቆመ። ፊቷ እንደዚያ እንደ ምግብ ጠረጴዛው ዕለት ባዶ ሆነ፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፣ ያቺን የአፍንጫ ትንፋሽ የሚጠብቁ። አንድ ልጅ ቢስት ፋይሉ ይዘጋል፤ የምትስተው ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ደግሞ ከሱ በቀር ያወቀ የለም።

ሰዋስው ዓይኑን አነሣላት። ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ፈታኙን አየ። ከዚያ ጃኬቱን ፈታ፤ ቅድም የቆለፋቸውን አንድ በአንድ።

«ጀርባዬን ሰጥቼ ከሆነ ነው» አለ።

«ለማን ጀርባ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ለነሱ። ፊቴን ወደናንተ አዙሬ። እነዚህን ፍጥረቶች እያየሁ አልሠራም፤ ያስጠሉኛል!»

ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰምተውታል፣ እንደ ስድብም ወስደውታል። አንዲቷ ብቻ እጇን መልሳ ወደ ግንባሯ አነሣች።

«ፊትዎን ወደኛ ካዞሩ ይሻላል፣ እኛም እናያለን» አለች ሰብሳቢዋ። «ወንበሩን ይይዛሉ?»

«አልይዝም!» አለ፤ ጉልበቱን አስቦ ደግሞ፣ «...መጨረሻ ላይ ብቻ» አለ።

«ተስማምተናል? ስምንቱንም፣ ከአስተያየት ጀምረው?»

ሰዋስው ጃኬቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ለልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ፈታኙ ፊት ቆመ።

«እሺ» አለ፤ «ይጥሩ። እስከ መጨረሻው እሠራለሁ። ቁጢጥም እላለሁ።»